ጠይቁን፦ ባዮፊልምን የሚከላከል ክትባት አለ ወይ?

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ናቸው። ጠያቂዎቹ ሙያቸው ቢለያይም ጉዳያቸው አንድ ነው። ባክቴሪያ ካቴተር፣ አጥንት ውስጥ የገባ ብረት ወይም የላም ጡት ላይ ተጣብቆ በራሱ ዙሪያ የሚሠራው ዝልግልግ ሽፋን፣ ማለትም ባዮፊልም፣ እንዲሁም ያንን ለመከላከል በናኖ ቅንጣት፣ ማለትም በዓይን በማይታይ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት፣ ተጭኖ የሚሰጥ ክትባት ነው።

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ በአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ብረት የገባላቸው አንዳንድ ታካሚዎች ቁስላቸው ከወራት በኋላ መግል ይቋጥራል። አንቲባዮቲክ ሲወስዱ ይደርቃል፤ ሲያቆሙ ይመለሳል። በናኖ የተሠራ ክትባት ወጣ ሲባል ሰማሁ። እውነት ከሆነ ለታካሚዎቼ ምን ልበላቸው?

መልስ፦ እህታችን፣ እንዲህ ያለ ሽፋን የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች፣ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስን ወይም ሱዶሞናስን፣ ለመከላከል ፈቃድ አግኝቶ ለሰው የሚሰጥ ክትባት የለም፤ በናኖ ቅንጣትም ሆነ በሌላ መንገድ። የሰሙት በቤተ ሙከራና በእንስሳት ላይ ስላለው ሥራ መሆን አለበት። ለታካሚ ከዚህ ያለፈ ተስፋ አይስጡ።

ቁስሉ ደርቆ የሚመለስበት ምክንያት ግን በደንብ ይታወቃል። ባክቴሪያው ብረቱ ላይ ይጣበቃል፣ ይራባል፣ ከዚያም ከስኳር ሰንሰለት፣ ከፕሮቲንና ከሞቱ ሕዋሳት ከወጣ ዲኤንኤ ሽፋን ይሠራል። ከሥር ያሉት ምግብና ኦክስጅን ስለሚያጥራቸው መራባት ያቆማሉ። አብዛኛው አንቲባዮቲክ ደግሞ የሚገድለው የሚራባውን ነው። ሽፋን ውስጥ ያለውን ለመግደል ተንሳፋፊውን፣ ማለትም ሳይጣበቅ ለብቻው የሚንቀሳቀሰውን ባክቴሪያ፣ ከሚገድለው መጠን ከ10 እስከ 1,000 እጥፍ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ይህን ያህል መድኃኒት የሰው ሰውነት አይችለውም። የላቦራቶሪው ወረቀት «መድኃኒቱ ይሠራል» እያለ ታካሚው የማይድነው ለዚህ ነው፤ ምርመራው የሚካሄደው በተንሳፋፊው ባክቴሪያ ላይ ነውና።

እርስዎ ባሉበት ቦታ ለውጥ የሚያመጣው አንዱ ነገር የናሙና አወሳሰድ ነው። መግል ከሚወጣበት ቀዳዳ በጥጥ የተወሰደ ናሙና ብዙውን ጊዜ የቆዳውን ባክቴሪያ እንጂ ብረቱ ላይ ያለውን አያሳይም። ሐኪሙ ከወሰነና የታካሚው ሁኔታ ከፈቀደ አንቲባዮቲኩ ለ2 ሳምንት ይቁም። ከዚያ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ከአጥንቱና ከብረቱ አጠገብ 5 ናሙና፣ እያንዳንዱ በተለየ ንጹሕ መሣሪያ ይወሰድ። ከአምስቱ በሁለቱ ያው ባክቴሪያ ከተገኘ ውጤቱ ይታመናል፤ በአንዱ ብቻ ከታየ ከቆዳ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ክትባቱ የዘገየው ሰው ስላልሞከረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ኩላሊታቸው በማሽን በሚታጠብ ታካሚዎች ላይ የተሞከረው የካፕሱል ስኳር (የባክቴሪያው የራሱ የውጭ ልባስ እንጂ የባዮፊልሙ ያልሆነ) ክትባት ሳይሳካ ቀረ። ቪ710 የተባለው፣ በአንድ ፕሮቲን ላይ የተመሠረተው ክትባት የደረት ቀዶ ሕክምና በሚጠብቃቸው ወደ 8,000 ሰዎች ላይ ሲሞከር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ቆመ። በዚህ ሙከራ በባክቴሪያው ከተያዙት መካከል የተከተቡት ካልተከተቡት በበለጠ ሞተዋል፤ ይህ ዘርፉን ያስደነገጠ ውጤት ነበር። አራት አንቲጅን (ሰውነት እንዲለየው በክትባት የሚሰጥ የባክቴሪያው ክፍል) የያዘው ሌላው ክትባት ደግሞ የአከርካሪ አጥንት ቀዶ ሕክምና በሚደረግላቸው ሰዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ቆመ።

ከእነዚህ ውድቀቶች የተወሰዱ ሁለት ትምህርቶች አሉ። አንደኛው፣ አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት ባክቴሪያን ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን፣ ብቻውን አይበቃም። ከስታፊሎኮከስ ጋር ያልተገናኘ ሰው ስለሌለ አብዛኛው ሰው በደሙ ውስጥ አንቲቦዲው አለው፤ ሆኖም ከመታመም አያድነውም። ባክቴሪያው ፕሮቲን ኤ በተባለው ፕሮቲኑ አንቲቦዲውን በጅራቱ በኩል ይይዘዋል፤ ነጭ የደም ሕዋስ ሊይዝበት የሚገባው ጫፍ ደግሞ ያው ጅራቱ ነው። ስለዚህ ነጭ የደም ሕዋሳትን ወደ ቦታው የሚጠሩት ቲ ሕዋሳትም መነሣት አለባቸው። ሁለተኛው፣ እኛም ዋነኛ የምንለው፣ ተንሳፋፊው ባክቴሪያና ሽፋን ውስጥ ያለው የሚያወጧቸው ፕሮቲኖች አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው። በተንሳፋፊው ላይ ተመርጦ የተሠራ ክትባት ሽፋኑ ውስጥ ሲደርስ ዒላማውን ያጣዋል። አጥንታቸው በታመመ ጥንቸሎች ላይ ሽፋኑ ውስጥ በሚታዩ አራት ፕሮቲኖች የተሠራ ክትባት ከአንቲባዮቲክ ጋር ሲሰጥ አጥንቱን ማጽዳት ችሏል። ክትባቱ ተንሳፋፊውን አለመያዙ ግን አንቲባዮቲኩን ግዴታ አድርጎታል።

ይህ ክትባት አንድ ቀን ቢሳካ እንኳ ቀድሞ የሚጠቀመው ቀጠሮ ይዞ የሚመጣው ታካሚ ነው። ሰውነት ለክትባት መልስ ለመስጠት ቢያንስ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል፤ በመኪና አደጋ እግሩ ተሰብሮ ማታ የገባ ሰው ይህን ጊዜ አያገኝም። ለእሱ ያለው ቁስሉን ቶሎ ማጠብ፣ አንቲባዮቲኩን በጊዜ መጀመርና የማያስፈልግ ካቴተርን በየቀኑ እየጠየቁ ማውጣት ነው።

ጥያቄ፦ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። የስታፊሎኮከስን ፕሮቲን ፒኤልጂኤ ከተባለው፣ ሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ ከሚፈርስ ፖሊመር በተሠራ ናኖ ቅንጣት ውስጥ አስገብቼ በአይጥ ላይ ልሞክር አስቤአለሁ። ቅንጣቱ እንዴት ይሠራል? ሥራው የሚበላሸውስ የት ላይ ነው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ናኖ ቅንጣት አጋሰስ ነው፤ ዋናው ነገር የተጫነው ነው። ለቅንጣቱ ስድስት ወር፣ ለአንቲጅኑ ምርጫ አንድ ሳምንት የሚሰጥ ዕቅድ ብዙ ጊዜ አይሳካም። ስለዚህ በመጀመሪያ የመረጡት ፕሮቲን አካባቢዎ በሚገኙት ባክቴሪያዎች ሽፋን ውስጥ በእርግጥ እንደሚወጣ ያረጋግጡ። አንድ አንቲጅን ብቻ አይምረጡ። ለመጣበቅ የሚረዳውን እንደ ክላምፒንግ ፋክተር ኤ ያለ ፕሮቲን፣ መርዙን አልፋ ቶክሲንን፣ የሚቻል ከሆነም ፒኤንኤጂ የተባለውን የሽፋን ስኳር አብረው ያስቡ። ስኳሩ ብቻውን ደካማ መልስ ስለሚያስነሣ እንደ ቴታነስ ቶክሶይድ ካለ ፕሮቲን ጋር መጣመር አለበት። ላዩ ላይ ያለው አሴቲል የተቀነሰለት ዓይነት ደግሞ ባክቴሪያውን ለነጭ ሕዋስ የሚያስበላ የተሻለ አንቲቦዲ ያወጣል።

ቅንጣት የሚፈለግበት ምክንያት ሦስት ነው፦ ከ20 እስከ 200 ናኖሜትር ያለው በራሱ ወደ ሊምፍ እጢ ይፈስሳል፤ አንቲጅኑንና የክትባቱን መልስ የሚያጠናክረውን አጋዥ (አድጁቫንት) ወደ አንድ ሕዋስ አብሮ ያስገባል፤ ቀስ እያለም ይለቃል።

በውድ ፕሮቲን አይጀምሩ። እጅዎ እስኪለምድ በቦቫይን ሲረም አልቡሚን ይሥሩ። 100 ሚሊግራም ፒኤልጂኤ፣ 50 ለ50 የሆነውን፣ በ2 ሚሊ ሊትር ዳይክሎሮሜቴን ያሟሙ። 2 ሚሊግራም ፕሮቲን በ200 ማይክሮ ሊትር ውሃ አሟምተው በላዩ ይጨምሩና በበረዶ ውስጥ አድርገው በሶኒኬተር ለ30 ሰከንድ፣ እያረፉ፣ ይምቱት። ይህን ወዲያው በ8 ሚሊ ሊትር የ2 በመቶ ፖሊቫይኒል አልኮል ላይ አፍስሰው እንደገና ለ60 ሰከንድ ይምቱ። ከዚያ በ40 ሚሊ ሊትር የ0.3 በመቶ ፖሊቫይኒል አልኮል ውስጥ ጨምረው፣ ጭስ በሚስብ ሁድ ሥር ክዳኑን ከፍተው ለ3 ሰዓት ያማስሉ፤ ዳይክሎሮሜቴኑ ተንኖ ቅንጣቱ ይጠነክራል። በ20,000 ጂ ለ20 ደቂቃ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሴንትሪፊዩጅ ያዘቅጡ፣ ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ይጠቡ። በ5 በመቶ ትሬሃሎዝ በትነው ያቀዝቅዙና በፍሪዝ ድራየር ያድርቁ።

የደሴን ከፍታ የሚያስታውስ መመሪያ አያገኙም። ዳይክሎሮሜቴን በባሕር ጠለል የሚፈላው በ40 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 2,500 ሜትር ላይ ግን በ32 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ትነቱ ይፍጠን ብለው 37 ዲግሪ ውሃ ላይ ካስቀመጡት ይፈላል፣ አረፋው ቅንጣቱን ይሰብረዋል፣ መጠኑም የተዘበራረቀ ይሆናል። በክፍሉ ሙቀት ይተዉት። ሴንትሪፊዩጁንም በዙር ብዛት አይቅዱ። ራዲየሱ 8 ሴንቲሜትር በሆነ ሮተር 20,000 ጂ የሚገኘው በደቂቃ 15,000 ዙር ላይ ነው፤ ራዲየሱ ሲለያይ ዙሩም ይለያያል። ካነሰ ትንንሾቹ ቅንጣቶች ከላይኛው ውሃ ጋር ይደፋሉ፣ በጣም ከበዛ ደግሞ ታችኛው እንደ ሙጫ ተጣብቆ አልበተን ይላል።

ከዚህ በኋላ የሚበላሸው ብዙ ነው። ሶኒኬተሩ ካሞቀው ፕሮቲኑ ቅርጹን ያጣል፤ አንቲቦዲው የሚወጣው ለተበላሸው ቅርጽ ይሆንና ባክቴሪያውን አያውቀውም። ይህን ለማወቅ ከቅንጣቱ የወጣውን ፕሮቲን ቅርጹን ብቻ በሚያውቅ አንቲቦዲ ይፈትኑት። ፒኤልጂኤ ሲፈርስ የሚወጣው አሲድም ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ይጎዳል። ጥቂት ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ጨምሮ አሲዱን ማርገብ የተለመደ መላ ነው። የገባውን ፕሮቲን መጠን ሲለኩ የሚያነጻጽሩበት ባዶ ቅንጣት ሲታጠብ የወጣውን ውሃ ያድርጉ፤ ፖሊቫይኒል አልኮል ልኬቱን ያዛባልና። ማድረቂያው እየሠራ መብራት ከተቋረጠ በረዶው ይቀልጣል፣ ቅንጣቱም ተያይዞ ይቀራል። ማድረቂያውን ካልተቋረጠ የኃይል ምንጭ ጋር ሳያገናኙ ውድ ናሙና አያስገቡ። የቅንጣቱ መጠን 200 ናኖሜትር ከዘለለ በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ማምከን አይቻልም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ሁሉንም በንጽሕና መሥራት ነው። በመጠን መለኪያው ላይ የመበታተን ቁጥሩ (ፒዲአይ) ከ0.2 በታች ካልወረደ ለአይጥ አይስጡ።

ከሁሉም በላይ የምንሠጋው ኢንዶቶክሲንን ነው። ፕሮቲኑን በኢ. ኮላይ ካመረቱ ኢንዶቶክሲን የተባለው የኢ. ኮላይ የሕዋስ ገለፈት ቅሪት አብሮ ይመጣል፤ እሱ ራሱ ኃይለኛ የመከላከያ ቀስቃሽ ነው። ውጤትዎ ግሩም ሆኖ ይታያል፣ ያመጣው ግን ቆሻሻው ነው። አውቶክሌቭ ኢንዶቶክሲንን አያጠፋም፤ የብርጭቆ ዕቃውን በ250 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ በደረቅ ሙቀት ያቃጥሉ፣ ፕሮቲኑንም ኢንዶቶክሲንን በሚለካው የኤልኤኤል ምርመራ ይለኩ።

አይጦቹን በአምስት ቡድን ይክፈሉ፦ ጨው ውሃ ብቻ፣ ባዶ ቅንጣት፣ ፕሮቲን ብቻ፣ ፕሮቲን ከባዶ ቅንጣት ጋር ተቀላቅሎ፣ በመጨረሻም ፕሮቲኑን የያዘው ቅንጣት። አራተኛውን ቡድን ብዙዎች ይተዉታል፤ መጫኑ ከመቀላቀል መብለጡን የሚናገረው ግን እሱ ብቻ ነው። ውጤትዎ የአንቲቦዲ መጠን ብቻ እንዳይሆን። 1 ሴንቲሜትር ካቴተር ከቆዳ ሥር ቀብረው በ7ኛው ቀን ያውጡ፣ በሶኒኬተር መታጠቢያ ውስጥ ባክቴሪያውን ያላቅቁ፣ ይቁጠሩ። አይጥ ለአንዳንድ የስታፊሎኮከስ መርዞች የማይሰማት መሆኗንም በጽሑፍዎ ያስፍሩ፤ ፒቪኤል የተባለው የሰውንና የጥንቸልን ነጭ ሕዋስ ይገድላል፣ የአይጥን አይነካም። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳይኖር አንዲት አይጥ እንኳ አትነካ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ባዮፊልም የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች ለመለየት ኮንጎ ሬድ አጋር እሠራለሁ፤ ሽፋን የሚሠራው ጥቁር፣ የማይሠራው ቀይ መሆን ነበረበት። አንድ ጊዜ ሁሉም ጥቁር ይሆናል፣ ሌላ ጊዜ ሁሉም ቀይ። አጋሩ ላይ ሻጋታም እየበቀለ ነው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ሻጋታው ከአውቶክሌቩ ሊሆን ይችላል። መመሪያው «15 ፒ.ኤስ.አይ.» ሲል በባሕር ጠለል ላለ ሰው ነው። 121 ዲግሪ ለማግኘት ውስጡ በድምሩ 205 ኪሎፓስካል ግፊት ያስፈልጋል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የውጭው አየር የሚያግዘው 81 ያህሉን ብቻ ነው፤ ጌጁ 18 ፒ.ኤስ.አይ. ማሳየት አለበት። ደሴ ላይ 19 ገደማ ነው። ደሴ ላይ በ15 ያቆመ ሰው ያገኘው 116 ወይም 117 ዲግሪ ነው። ዕቃው የተሠራበትን ከፍተኛ ግፊት ሳያዩ ግን አይጨምሩ፤ የማይችል ከሆነ ጊዜውን ያርዝሙ። አየሩ ከውስጥ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን አይዘንጉ፣ በየሳምንቱም በስፖር አምፑል ይፈትኑ።

ለአጋሩ በ1 ሊትር ውሃ 37 ግራም ብሬን ሃርት ኢንፊውዥን፣ 50 ግራም ሱክሮስ፣ 10 ግራም አጋር። 0.8 ግራም ኮንጎ ሬዱ ለብቻው በውሃ ተሟሙቶ ለብቻው ይመከናል፤ የሚጨመረውም አጋሩ ወደ 55 ዲግሪ ሲወርድ ነው። አብሮ ከተቀቀለ ወይም በትኩሱ ከተጨመረ ቀለሙ ይዘቅጣል፣ ፔትሪ ዲሾቹም አንዱ ደማቅ አንዱ ፈዛዛ ይሆናሉ። ስኳሩ ብዙ ከተቃጠለ ደግሞ ቡናማ ይሆንና ጥቁሩን መለየት ያስቸግራል። በ37 ዲግሪ 24 ሰዓት፣ ከዚያ በክፍሉ ሙቀት ሌላ 24 ሰዓት ቆይቶ ይነበባል። ቀለሙ ለካንሰር የሚያጋልጥ ስለሆነ ጓንትና ጭምብል አይርሱ። በእያንዳንዱ ዙር ለማነጻጸሪያ ከኤቲሲሲ የባክቴሪያ ስብስብ 35984ን ለአዎንታዊ፣ 12228ን ለአሉታዊ ያስቀምጡ፤ ሁለቱ ካልተለያዩ የቀሩትን አያንብቡ።

አጋሩ በትክክል ቢሠራም የሚያሳየው በዋናነት በስኳር የተሠራውን ሽፋን ነው። ሜቲሲሊንን የሚቋቋሙት ብዙዎቹ ስታፊሎኮከሶች ሽፋናቸውን የሚሠሩት በፕሮቲንና በዲኤንኤ ስለሆነ ቀይ ሆነው ሊያመልጡዎት ይችላሉ። ስለዚህ ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን ይጨምሩ። ያደረውን ባክቴሪያ 1 ለ100 አቅጥነው 200 ማይክሮ ሊትር ያስገቡ፤ ግማሹን ሳህን 1 በመቶ ግሉኮስ ባለው፣ ግማሹን 4 በመቶ ጨው ባለው መረቅ። የፕሮቲኑ ሽፋን በግሉኮስ፣ የስኳሩ በጨው ይበረታል። ከ24 ሰዓት በኋላ ሦስት ጊዜ በቀስታ ይጠቡ፣ በ60 ዲግሪ ለ1 ሰዓት ያድርቁ፣ በ0.1 በመቶ ክሪስታል ቫዮሌት 15 ደቂቃ ያቅልሙ፣ ጠበው በ33 በመቶ አሴቲክ አሲድ ያሟሙና ያንብቡ። የባዶዎቹ ጉድጓዶች አማካይ ላይ የመደበኛ ልዩነታቸው (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን) ሦስት እጥፍ ሲደመር የመነሻው መስመር ይገኛል፤ ከመስመሩ አራት እጥፍ በላይ የሆነው ብርቱ ነው። የዳር ጉድጓዶች ስለሚደርቁ ውሃ ብቻ ይሙሉባቸው። ከላይ ለተማሪው የመለስነው የአንቲጅን ምርጫም ከእንዲህ ዓይነት ሥራ ነው የሚጀምረው፤ ስኳሩን ብቻ የሚያጠቃ ክትባት በፕሮቲን የተሸፈነውን አያገኘውም።

ጥያቄ፦ የሴት ልጅ እናት ነኝ፣ ደሴ። ናኖ የሚባል ነገር ወደ ልጄ ሰውነት መግባቱ ያስፈራኛል።

መልስ፦ እናታችን፣ ናኖ የመጠን ስም ነው። ከሕፃናት ክትባት ውስጥ ያለው የሄፓታይተስ ቢ ክፍል 22 ናኖሜትር ስፋት ያለው ቅንጣት ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው የማሕፀን በር ካንሰር ክትባትም 55 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ባዶ ቅርፊት ነው፤ የቫይረሱ ዘር በውስጡ ስለሌለ ሊራባም ሊያሳምምም አይችልም። ክንድ ማበጥ፣ ትኩሳት፣ አንዳንዴም ማዞር ይኖራል። ልጅዎ ከተከተበች በኋላ 15 ደቂቃ ተቀምጣ ትቆይ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ አካባቢ አራት የወተት ላሞች አሉኝ። የሁለቱ ጡት እያበጠ ወተቱ ይቋጠራል፤ መድኃኒት በጡቱ ቀዳዳ ይገባል፣ ይሻላል፣ ይመለሳል። ለከብት ክትባት አለ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ለሰው ያልተገኘው ለላም ተገኝቷል። ስታርትቫክ የተባለው ክትባት እ.ኤ.አ. በ2009 በአውሮፓ ፈቃድ አግኝቷል። በውስጡ የተገደለ ኢ. ኮላይና ከሽፋኑ ጋር የተያያዘውን አንቲጅን የሚያወጣ የተገደለ ስታፊሎኮከስ አለ። ናኖ አይደለም፤ ዘይት ባለበት ቅልቅል የተሠራ ነው። 2 ሚሊ ሊትር በአንገት ጡንቻ ጠልቆ ይወጋል፦ ከምትወልድበት 45 ቀን ሲቀረው፣ ከዚያ በ35ኛው ቀን፣ ከዚያ በ62ኛው ቀን፤ በየእርግዝናውም ይደገማል። የበሽታውን መከሰትና ክብደት ይቀንሳል፤ አሁን የታመሙትን ሁለቱን ግን አይፈውስም። የሚጠቀሙት ጤነኞቹ ሁለቱ ናቸው።

ስለዚህ ገንዘብዎን ለክትባት ከማውጣትዎ በፊት በሽታው ስታፊሎኮከስ መሆኑን ያረጋግጡ። የጡቱን ጫፍ በ70 በመቶ አልኮል ጠርገው፣ መጀመሪያ የሚወጣውን ሦስት ጭምቂ ደፍተው፣ 5 ሚሊ ሊትር ያህል በንጹሕ ጠርሙስ ይቀበሉ፤ ከእያንዳንዱ ጡት ለየብቻ። ጠርሙሱን በበረዶ አድርገው በ24 ሰዓት ውስጥ ኮምቦልቻ ወዳለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ያድርሱ። የታመሙትን ሁልጊዜ መጨረሻ ይለቡ፣ ለእያንዳንዷ ላም የራሷ መጥረጊያ ይኑራት፣ ከታለበች በኋላ የጡቷን ጫፍ በ0.5 በመቶ አዮዲን ይንከሩ። ሦስትና አራት ጊዜ ታክማ የተመለሰባትን ላም መሸጥ ያማል፣ እናውቃለን፤ ሆኖም ሽፋኑ ጡቷ ውስጥ ጠባሳ ካሠራ በኋላ መድኃኒት አይደርስበትም፣ ጤነኞቹንም ታስይዛለች።

ክትባቱን ካገኙ የእንስሳት ሐኪም ይውጋው። ዘይት ያለበት ስለሆነ በስሕተት የሰው ጣት ከተወጋ፣ ጥቂት ጠብታ ቢሆንም፣ ጣት እስከ ማሳጣት የሚደርስ እብጠት ያመጣል። ይህ ከደረሰ የመድኃኒቱን ወረቀት ይዘው ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ፤ ሕመሙ ከ12 ሰዓት በላይ ከቆየ ተመልሰው ይታዩ።